ዙሩ የማን ነው?

አጎቴ ባለፈው ክረምት ደብሊን መጥተው በሰነበቱበት ጊዜ በሰፈራችን ፐብ (መጠጥ ቤት) ባንኮኒ ላይ ያስቀመጧት አንዲት የመቶ ዩሮ ኖት እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣችም። ኖቷ አልጠፋችም፤ ለጊዜው ዞራ ወደ ኪሳቸው ገብታለች። የከነከነኝ የተመለሰችበት መንገድ ነው። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች፣ ሁለቱም በቀና ልብ፣ ሁለቱም የአገራቸውን ወግ ጠብቀው፣ ለጥቂት ጊዜ እርስ በርስ ተቀያየሙ። በመካከላቸው ተቀምጬ የማስተረጉመው እኔ ደግሞ ሁለቱንም እውነተኛ የሚያደርግ ቃል አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ የደብሊን ተወላጅ የሆኑት ጎረቤቴ፣ አጎቴ መምጣታቸውን ሲሰሙ "ዓርብ ማታ ፐብ ይዘናቸው እንሄዳለን" አሉ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር፤ አጎቴ በጾም ወቅት አልኮል በአፋቸው አይዞርም። ይህን ስነግራቸው ጎረቤቴ "ማን ጠጡ አላቸው? መጥተው ይቀመጡ" ብለው ነገሩን ዘጉት። ከባለቤታቸውና ከሁለት የድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ስድስት ሆነን ጥግ ላይ ባለች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ጎረቤቴ የሁላችንንም ፍላጎት ጠይቀው የመጀመሪያውን ዙር አመጡ፦ ለአጎቴ ጋዝ ያለው ውሃ ከሎሚ ጋር፣ ለባለቤታቸው የብርቱካን ጭማቂ፣ ለእኔ ግማሽ ፓይንት ቢራ (ፓይንት ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ የአገሩ መለኪያ ነው)፣ ለራሳቸውና ለሁለቱ ወዳጆቻቸው ጥቁሩን ቢራ ጊነስን።

ብርጭቆዎቹ ሲጋመሱ አጎቴ ብድግ ብለው ወደ ባንኮኒው ሄዱ። መቶ ዩሮዋን አስቀምጠው፣ በእጃቸው ጠረጴዛችንን እያሳዩ፣ በሚችሉት እንግሊዝኛ የሁሉም ሂሳብ እስከ መጨረሻው ከዚህች እንዲቆረጥ ተናገሩ። ቀጂው ኖቷን አልነካትም። መጀመሪያ ጎረቤቴን አያቸው፤ እሳቸው ራሳቸውን በጥቂቱ ወዘወዙ። ቀጂውም ባንኮኒውን በጨርቅ እየጠረገ፣ በፈሰሰው ቢራ እንዳትርስ ኖቷን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ደረቅ ቦታ ላይ፣ ወደ አጎቴ አስጠግቶ መልሶ አኖራት።

አጎቴ ይህን እንደ መግደርደር ቆጠሩት። ተመልሰው ተቀመጡና "በሞቴ በያቸው፤ በእንግድነቴ እለምናቸዋለሁ" አሉኝ። ጎረቤቴ ግን የሚግደረደሩ አልነበሩም። ፊታቸው ከበድ ብሎ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የሚቀጥለው ዙር የእሱ ነው" ሲሉ አንዱን ወዳጃቸውን አመለከቱ፤ "ከዚያ የዚህኛው፣ ከዚያ የባለቤቴ። የአጎትሽ ተራ ሲደርስ እንነግራቸዋለን።" ይህን በተቻለኝ መጠን አለስልሼ ተረጎምሁት፤ ነገር ግን አጎቴ የሰውዬውን ፊት አይተዋል። ውሃቸውን እያዩ ቆዩና "ናቁኝ እንዴ?" አሉ።

ባንኮኒው ላይ

አየርላንድን ለጉብኝት የሚመጣ ሰው ስለ ፐብ ብዙ ይነገረዋል፤ ከሁሉ የሚከብደው ሕግ ግን የዙር ሕግ ነው። አብረው የተቀመጡ ሰዎች በየተራ ይነሣሉ፤ የተነሣው ለሁሉም ያዝዛል፣ ለሁሉም ይከፍላል፣ ተሸክሞ ያመጣል። ሂሳብ የሚከፈለው መጠጡ ሲቀዳ ስለሆነ በመጨረሻ የሚመጣና ሰው የሚታገልበት ቢል የለም። ተራውን የሚመዘግብ ሰው አይታይም፤ ሆኖም ማን እንደ ገዛና ማን እንዳልገዛ ጠረጴዛው በሙሉ ያውቃል። ተራው ሲደርስ ስልኩን መነካካት የሚጀምር ወይም መጸዳጃ ቤት የሚያስታውሰው ሰው ስሙ ለዓመታት ይነሣል።

ተራው የሚቆጠረው በሰው እንጂ በዋጋ አይደለም። በሰፈራችን አንድ ፓይንት ስድስት ዩሮ ገደማ ነው፤ ቱሪስት በሚበዛበት ቴምፕል ባር በሚባለው ሰፈር ወደ አሥር ይጠጋል። የአጎቴ ውሃ የዚያ ግማሽ እንኳ አያወጣም። ይሁንና ውሃ የጠጣውም ጊነስ የጠጣውም እኩል አንድ ተራ አለበት፤ "እኔ የጠጣሁት ርካሽ ነው" ብሎ ሂሳብ መሥራት ነውር ነው። አጎቴን በኋላ ላይ በጣም የማረካቸው ይህ ነበር።

ባንኮኒው ፊት ሰልፍ የሚመስል ነገር ባይኖርም ቀጂው ማን ቀድሞ እንደ መጣ አይስተውም፤ ገንዘብ እያወዛወዙ ወይም እያፏጩ መጥራት ተራን ወደ ኋላ ከማሳደር በቀር አይጠቅምም። በዙሩ ውስጥ ጊነስ ካለ ቀድሞ የሚታዘዘው እሱ ነው። ብርጭቆው ዘንበል ተደርጎ ሦስት አራተኛው ድረስ ይቀዳል፤ ከዚያ ቁጭ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1959 በድራፍቱ ውስጥ የተጨመረው ናይትሮጅን በጥቃቅን አረፋ እየተገላበጠ፣ ቡናማው ጥቁር እስኪሆን፣ ነጩም ከላይ እስኪረጋ ይጠበቃል፤ ከዚያ ይሞላል። ኩባንያው ይህ ሁሉ 119.5 ሰከንድ ይወስዳል ይላል። ሳይረጋ ብርጭቆውን የሚያነሣ እንግዳ ቀጂውን ያስከፋል። በዚህ ጥበቃ መካከል ነው ባንኮኒው ላይ የቆሙ የማይተዋወቁ ሰዎች ስለ ዝናቡና ስለ ኳሱ ማውራት የሚጀምሩት። ለተቀዳ መጠጥ ጉርሻ መስጠት የተለመደ አይደለም፤ ቀጂውን ማመስገን የፈለገ "ለራስህም አንድ ቅዳ" ይለዋል።

አጎቴ ስለ ጊነስ ቀድሞ የሚያውቁት ነገር ነበር። የጊነስ ባለቤት የሆነው ዲያጆ እ.ኤ.አ. በ2012 ሜታ አቦን ከመንግሥት ገዝቶ በ2022 ለቢጂአይ እንደ ሸጠው ለጎረቤቴ ወዳጆች አስረድተዋቸዋል፤ እነሱ ደግሞ በምላሹ አርተር ጊነስ በ1759 የቢራ ፋብሪካውን ቦታ በዓመት በ45 ፓውንድ ለ9,000 ዓመት እንደ ተከራየ ነገሯቸው። በዚህ ጨዋታ መካከል ሁለተኛው ዙር ሄደ፣ ሦስተኛውም መጣ፤ ቅያሜው ግን በአጎቴ ፊት ላይ ገና አልጠፋም ነበር።

ከጀርባችን ፊድል (ቫዮሊን) እና ፍሉት የያዙ ሰዎች ተቀምጠው ይጫወቱ ስለነበር ለእንግዳ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። እነዚያ ሰዎች መድረክ የላቸውም፤ ከጠጪው መካከል ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ወንበራቸው ባዶ ቢሆንም አይቀመጡበትም፣ ሳይጋበዙ ከበሮ አውጥተው አብረው አይመቱም፤ አንድ ሰው ያለ መሣሪያ ብቻውን ማዜም ሲጀምር ደግሞ ቤቱ ሁሉ፣ ቀጂው ሳይቀር፣ ጸጥ ይላል።

ለሁሉም የሚከፍለው ሰው

ጎረቤቴ ነገሩን ያጫወቱኝ በማግስቱ አጥራቸውን እየከረከሙ ነበር። ይቅርታ ሊጠይቁኝ አልነበረም፤ እንዲገባኝ ስለ ፈለጉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ይሠሩበት የነበረው ፋብሪካ ተዘጋ። በዚያን ጊዜ በአየርላንድ ከስድስት ሠራተኛ አንዱ ያህል ሥራ ፈት ነበር፤ ወጣቱ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጎርፋል። እሳቸው ልጆቻቸውን ይዘው ቀሩ። ከሁሉ አስቀድመው የተዉት የዓርብ ማታውን ፐብ ነው። "የተውሁት መጠጡን አልነበረም" አሉኝ። "ለአንድ ብርጭቆ የሚሆን ሳንቲም አላጣም ነበር፤ ለስድስት ሰው የሚሆን ግን አልነበረኝም። አንዱ ከገዛልኝ እኔም መግዛት አለብኝ። መግዛት ካልቻልሁ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?"

ጥቂት ሳምንታት እንዲህ ካለፉ በኋላ አንዱ ጓደኛቸው በራቸውን አንኳኳ። "ዓርብ ና። ዙር ትተናል፤ ከእንግዲህ ሁሉም የሚገዛው ለራሱ ነው" አላቸው። የተሰጠው ምክንያት ዙር ብዙ እያስጠጣ ሚስቶቻቸውን አስቆጥቷል የሚል ነበር። እውነተኛውን ምክንያት ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም ግን አልተናገረውም። ጎረቤቴ ክረምቱን በሙሉ አንዷን ብርጭቆ እስከ መዝጊያ ሰዓት እያቆዩ ከጓደኞቻቸው እኩል ተቀመጡ። ሥራ ባገኙ በመጀመሪያው ዓርብ ተነሥተው ወደ ባንኮኒው ሄዱና ለሁሉም ገዙ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ዙር ተመለሰ፤ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነገረም።

"ታዲያ አጎቴን ለምን ከለከሏቸው?" አልኋቸው። መከርከሚያቸውን አስቀምጠው ሌላ ሰው አነሡልኝ። በዚያው ዘመን እንግሊዝ ሄዶ የተሳካለት አንድ የሰፈሩ ልጅ በየበጋው እየመጣ ለቤቱ ሁሉ ይከፍል ነበር። "ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደግ ነበር። ግን እሱ ሲገባ ሁላችንም ለማኝ እንሆናለን። የገዛልንን ጠጥተን ስንወጣ እናማዋለን። በመጨረሻ እሱ መጣ ሲባል ሌላ ፐብ መሄድ ጀመርን።" ከዚያም ቀጥ ብለው አይተውኝ እንዲህ አሉ፦ "አጎትሽ ደግ ሰው መሆናቸው በፊታቸው ላይ ይታያል። ደግነታቸው እንዲታማ አልፈለግሁም።"

ይህን ከሰማሁ በኋላ የሁለቱን ሽማግሌዎች ወግ በአእምሮዬ ጎን ለጎን አስቀምጬ ደጋግሜ አየሁ። በእኛ ዘንድ ታላቅ ለታናሽ፣ ያለው ለሌለው፣ ጋባዥ ለተጋባዥ ይከፍላል፤ ይህን እብሪት ነው የሚል ሰው አላውቅም፣ እኔም አልልም። አጎቴ መቶ ዩሮዋን ያወጡት ሊታዩ ብለው አይደለም። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው በእህቱ ልጅ ፊት፣ በባዕድ አገር፣ ሌሎች እየከፈሉለት እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ውርደት ነው። በዚያ ላይ የእኛ ሰው መልሶ መክፈልን አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ብድር በምድር የምንለው እኛው ነን። የዛሬው ጋባዥ ነገ በልጁ ሠርግ ወጥ ይሠራለታል፣ በለቅሶው ድንኳን ይተከልለታል፣ ሲታመም ይጠየቃል። ዙር እኛም ጋ አለ፤ ብቻ አንዱ ዙር ተጠናቅቆ እስኪመለስ ዓመታት ይፈጃል። እንደዚህ ያለ ዙር የሚሠራው ዕድሜ ልካቸውን አብረው ለሚኖሩ ሰዎች ነው።

የፐቡ ዙር የሚዘጋው በአንድ ማታ ነው። ስለዚህ ለማይተዋወቁ፣ ነገ ለማይገናኙ፣ አንዱ መሐንዲስ ሌላው ዘበኛ ለሆነ ሰዎች ያገለግላል። ሁሉም ሰጥቶ፣ ሁሉም ተቀብሎ፣ ማንም የማንም ባለዕዳ ሳይሆን ወደ ቤቱ ይገባል። አጎቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመላሽ ነበሩ። የመቶ ዩሮውን ግብዣ ጎረቤቴ በምን ሠርግ፣ በየትኛው ለቅሶ ይመልሱት ነበር? የማይመለስ ስጦታ አሸክመዋቸው መሄዳቸው ነበር። ለዚህ ነው ሰውዬው ፊታቸው የከበደው፤ አጎቴን ስለ ናቁ ሳይሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኟቸውን ሰው እንደ እኩያ ተራ ሊያስገቧቸው ስለ ፈለጉ ነው።

ለአጎቴ የነገርኋቸው በጽዋ ማኅበር መስዬ ነው። ማኅበርተኛው በየወሩ ተራ በተራ ይደግሳል፤ ሀብታሙ "ዓመቱን ሙሉ እኔ ልደግስ" ቢል ማኅበሩ አይፈቅድለትም፣ ምክንያቱም የድሃውን ጽዋ ነጠቀው ማለት ነው። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና "እንዲህ ከሆነማ ሰውዬው ልክ ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አሉ። እኔ ግን ከዚህም አልፌ ስለ ራሳችን፣ ከውጭ አገር በየክረምቱ ወደ አዲስ አበባ ስለምንመለሰው ሰዎች አሰብሁ። ዩሮና ዶላር ይዘን እንሄዳለን፣ ምግብ ቤት ስንገባ ሂሳቡ ያለ ክርክር ወደ እኛ ይመጣል፤ አብሮ አደጎቻችን እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መስደድ ከተዉ ቆይተዋል። ይህ ከአገር ቤቱ ግብዣ ጋር ተመሳሳይ ይምሰል እንጂ አይደለም፤ ምክንያቱም እኛ ለለቅሷቸው የለንም፣ እነሱም ለሠርጋችን አይጠሩም። ዓመታት የሚፈጀው ዙር ተቋርጦ የቀረው ከፋይና ተከፋይ ብቻ ነው። አንድ ወዳጅ በብር ደመወዙ ማኪያቶ ልግዛልሽ ሲል "ተው እንጂ" ከማለት ይልቅ ዝም ብሎ መጠጣት፣ ከዚያም አመሰግናለሁ ማለት፣ ከእኛ የሚጠበቅ ይመስለኛል።

የማይጠጣ ሰው ተራ

ወደዚያች ዓርብ ልመለስና፣ የአጎቴን ፊት የፈታው የጎረቤቴ ባለቤት ደረት ላይ የነበረች የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ባጅ ናት። የኢየሱስ ልብ ከነእሾህ አክሊሉ ተሥሎባታል። አጎቴ አይተው "ይህ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ ፓየኒር ከሚባለው፣ ኢየሱሳዊው ካህን ጄምስ ከለን እ.ኤ.አ. በ1898 ደብሊን ላይ ከመሠረተው የካቶሊኮች ማኅበር አባል ናቸው፤ አባላቱ ዕድሜ ልክ አልኮል ላለመቅመስ ቃል ይገባሉ። ሴትዮዋ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አልቀመሱም፤ ሆኖም በየዓርቡ ከባላቸው ጋር ፐብ ይመጣሉ፣ በተራቸውም ተነሥተው ለሌሎቹ ጊነስ ይገዛሉ። አጎቴ መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና አዩዋት። መጠጥ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ስለ ተአቅቦ የምትመሰክር ሴት አገኛለሁ ብለው አላሰቡም ነበር።

የውጭ ሰው ስለ አየርላንድ ሲያስብ ጠጪውን ብቻ ያያል። ይህች አገር ግን ከታላላቅ የተአቅቦ ንቅናቄዎች አንዱን ያፈራች ናት። ከኮርክ የተነሡት የካፑቺን መነኩሴ አባ ቲዮባልድ ማቲው እ.ኤ.አ. በ1838 በጀመሩት ዘመቻ እጅግ ብዙ ሕዝብ መጠጥ እርም ብሎ ቃል ገብቷል፤ ሐውልታቸው በደብሊን ዋና ጎዳና በኦኮኔል ስትሪት ቆሟል፤ እኔና አጎቴ በዚያው ሳምንት በሥሩ አልፈን ነበር። ዛሬም ብዙ የካቶሊክ ልጆች የሜሮን ምሥጢር ሲቀበሉ እስከ 18 ዓመታቸው ላለመጠጣት ቃል ይገባሉ። ሁለቱ ተአቃቢዎች ከዚያ በኋላ እኛን ረስተው ስለ ጾም ተጫወቱ፤ እኔም ያለ ዕረፍት አስተረጎምሁ። ሴትዮዋ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ በስቅለት ዓርብ ፐቦች በሕግ ይዘጉ እንደነበረ፣ ሕጉም እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ ተነሣ በቅሬታ ሲነግሯቸው አጎቴ ከልባቸው አዘኑ። "አንዲት ቀን ምን ጎዳቻቸው?" አሉ። የገና ቀን ግን አሁንም ዝግ መሆኑን ሲሰሙ ተጽናኑ።

ሴትዮዋ ሌላም ያስታወሱን ነገር ነበር፣ እሱ ደግሞ በቀጥታ የሚነካው እኔን ነው። በወጣትነታቸው ሴት ልጅ በብዙ ፐቦች የምትቀመጠው በእንጨት በተከለለችው ትንሽ ክፍል ነበር፤ እናታቸው በትንሿ መስኮት በኩል ተቀብለው ከሰው ዓይን ተሰውረው ይጠጡ ነበር። ለሴት ሙሉ ፓይንት አንቀዳም የሚሉ ቤቶችም ነበሩ፤ ይህን አድልዎ በግልጽ የከለከለው እ.ኤ.አ. የ2000ው የእኩልነት ሕግ ነው። እኔ በዚያች ማታ ግማሽ የጠጣሁት ወድጄ መሆኑ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ተራው ሲደርስ ሴትዮዋ አጎቴን "አሁን የእርስዎ ነው፣ እኔም ትሪውን እይዝልዎታለሁ" አሏቸው። አብረው ሄዱ። አጎቴ በጾም አፋቸው ሦስት ጊነስ፣ አንድ ጭማቂ፣ አንድ ውሃና አንድ ግማሽ ፓይንት አዘዙ፤ ያቺኑ መቶ ዩሮ ሰጡ፤ ቀጂው ያለ ማመንታት ተቀብሎ መልሱን ቆጥሮ ሰጣቸው። ጊነሱ እስኪረጋ ድረስ ቆመው ጠበቁ። ጎረቤቴም የመጣላቸውን ብርጭቆ ወደ አጎቴ ከፍ አድርገው ጠጡ።

ፍጥነቱና ሕጉ

ይህን ሁሉ ስል ዙር እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ስድስት ሰው ከተቀመጠ ስድስት ዙር ይጠበቃል፤ አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው፣ ስድስቱ ከሦስት ሊትር በላይ ይሆናል። ፍጥነቱን የሚወስነው ደግሞ ቶሎ የሚጠጣው ሰው ነው፤ ዘገም የሚለው ብርጭቆው ሳይጎድል ሌላው ይደረደርበታል። በዚህ መንገድ ሳይፈልግ የሚሰክር ሰው ብዙ ነው፤ አልኮል በዚህ አገር የሚያፈርሰው ቤትም ጥቂት አይደለም። መንግሥት በተወሰነ ሰዓት ዋጋ ቀንሶ መሸጥን እ.ኤ.አ. በ2003 ከልክሏል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮም ለአልኮል ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ ወስኗል። ሁለቱንም እደግፋለሁ፤ የዙርን ክፉ ጎን ግን ሕግ አያነሣውም።

የሚያነሣው ሰው ራሱ ነው፣ መውጫውም ከወጉ ውስጥ አለ። ግማሽ ፓይንት መጠየቅ ነውር አይደለም። አልኮል የሌለው ጊነስ አሁን በድራፍት ጭምር በብዙ ፐብ አለ። አንድ ዙር "ይህን ልለፈው" ማለት ይቻላል፤ የማይታለፈው መጠጡ ሳይሆን የመግዛት ተራው ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ገና ሲቀመጡ፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ሳይታዘዝ፣ "እኔ ዙር ውስጥ አልገባም፤ ብዙ አልቆይም" ብሎ መናገር ነው። በመጀመሪያ የተነገረ ማንንም አያስከፋም፤ ሦስት ተቀብሎ በአራተኛው የተነገረ ግን ይቅር አይባልም።

መኪና ይዞ የመጣ ሰው በዙር ውስጥ ካለ ውሃ ይጠጣ። የሚፈቀደው መጠን በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ለአዲስ አሽከርካሪና በሹፌርነት ለሚተዳደር 20 ብቻ። ልጅ ይዞ የሚመጣም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት መውጣት አለበት፤ ከግንቦት እስከ መስከረም አንድ ሰዓት ይጨመርለታል። ከእነዚህ ሕጎች መካከል ባለፐብ ሊያለሳልሰው የሚችለው የለም፤ እንግዳም ሊከራከር አይገባውም።

ዙር የማይችል ሰው

የእኛ ሰዎች ወደዚህ አገር በሥራ፣ በትምህርትና በጥገኝነት ይመጣሉ። ብዙዎቹ፣ በተለይ ጿሚዎቹና ሙስሊም ወገኖቻችን፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሐሙስ ማታ ሲሄዱ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። መጠጥ ቤት አልገባም ማለት ሙሉ መብታቸው ነው፤ በእምነት የቆመን ሰው ማግባባትም አልወድም። የሚያሳዝነኝ፣ መግባቱን ሳይጠሉ "አልጠጣም፣ ስለዚህ ቦታ የለኝም" ብለው የሚቀሩት ናቸው። ቦታ አላቸው። ሻይ ይዘው የሚቀመጡ፣ በተራቸውም የሚገዙ ሰዎች በየፐቡ አሉ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ እንዲሉ፣ በዚህ አገር ሰው ከሰው ጋር የሚላመደው፣ የሥራ ወሬ የሚሰማው፣ ኪራይ ቤት የሚጠቆመው በአብዛኛው እዚያ ነው።

ጥገኝነት ጠይቀው የሚጠብቁት ግን ሌላ ችግር አለባቸው። በመንግሥት መጠለያ ለሚኖር አዋቂ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የተቆረጠለት የኪስ ገንዘብ በሳምንት 38.80 ዩሮ ነው። ይህ ለስድስት ሰው አንድ ዙር ገዝቶ የሚተርፈው ቢኖር የአውቶቡስ ነው። በዚህ ገንዘብ ዙር ውስጥ መግባት አይቻልም፤ በየሳምንቱ እየተገዛላቸው መቀመጥም ክብራቸውን ይነካል። ጎረቤቴ የፋብሪካቸውን ታሪክ የነገሩኝ ዕለት ወዲያው በዓይኔ ላይ የመጡት እነዚህ ልጆች ናቸው።

አሁን ከመካከላቸው አንዱን ወይም ሁለቱን ይዤ ስሄድ ቀደም ብዬ ለጎረቤቴ በስልክ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ለወዳጆቻቸው ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ስንደርስ ግን አንዱ ሽማግሌ ሐኪም ከለከለኝ ይላል፣ ሌላው ዛሬ በጊዜ እገባለሁ ይላል፣ ሁሉም ለየራሱ ይገዛል። ልጆቹም የአንድ ሻይ ወይም የአንድ ለስላሳ ሂሳባቸውን ራሳቸው ከፍለው እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ኳስ ያያሉ፣ እንግሊዝኛቸውን ያፍታታሉ። ፈቃድ አግኝተው ሥራ ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ዙር እንዲገዙ የሚያስታውሳቸው የለም፤ እስካሁን ግን የረሳ አላጋጠመንም።